ካሜራው ትንሽ ነው፤ ሌንሱስ?

ገንዘብ አጠራቅማችሁ ከስልካችሁ የተሻለ ካሜራ ልትገዙ ነው እንበል። ትልቅ ጥቁር ካሜራ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መዞር አትፈልጉም፤ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር ይበቃችኋል። ታዲያ ግምገማዎችን ማንበብ ትጀምራላችሁ። አብዛኞቹ የሚያወሩት ፎቶ አንሺዎች «ቦዲ» ስለሚሉት የካሜራው አካል ነው፦ 24 ሜጋፒክስል፣ በሰከንድ 11 ፎቶ፣ ክብደቱ ይህን ያህል ግራም። ስለ ሌንሱ የሚነገረው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ከሌንስ ጋር ይሸጣል» የምትል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወደ ካሜራው ስንት ብርሃን እንደሚገባ የሚወስነው ሌንሱ ነው። ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚወስነውም በአብዛኛው ሌንሱ ነው። ስለዚህ ቦዲውን ብቻ አይቶ «ትንሽ ካሜራ» ማለት ትርጉም የለውም፤ መመዘን ያለበት ጥንዱ ነው። እስቲ ሦስት የታወቁ ጥንዶችን በአንድ መለኪያ እንያቸው። መለኪያው ከአንድ ማካፈል አያልፍም፤ ማንም ሰው ሱቅ ቆሞ በስልኩ ካልኩሌተር ሊሠራው ይችላል። ከዚህ በታች የምትገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መስታወቱ ወጣ፤ ምን ቀነሰ?

ሚረርለስ ማለት ያው መስታወት አልባ ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ትልልቅ ካሜራዎች ሆዳቸው ውስጥ መስታወት ነበራቸው። በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ላይ አንጸባርቆ ዓይናችሁን ወደምታስጠጉበት መመልከቻ ይልከዋል፤ ቁልፉን ስትጫኑ ደግሞ ብድግ ብሎ ለብርሃኑ መንገድ ይለቃል። ለዚህ ሁሉ ቦታ ያስፈልጋል። በካኖን ኢኤፍ ካሜራዎች ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኒኮን ኤፍ ካሜራዎች 46.5 ሚሊ ሜትር።

በ2008 ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ «ማይክሮ ፎር ተርድስ» የተባለውን ሥርዓት ይፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት የፓናሶኒክ ጂ1 ካሜራ ወጣ። መስታወቱ ተነሥቶ ሴንሰሩ ራሱ የሚያየውን በስክሪን ማሳየት ጀመረ፤ ርቀቱም ወደ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ወረደ። ሶኒ በ2010 ባወጣቸው ካሜራዎች 18 ሚሊ ሜትር አደረሰው። ቦዲው የቀጠነው በዚህ ምክንያት ነው። ሰፊ ዕይታ ያላቸው ሌንሶችም ተጠቅመዋል፤ ወደ ሴንሰሩ መጠጋት ስለቻሉ አሳንሶ መሥራቱ ቀለለ።

ግን መስታወቱን ማውጣት ያልነካው አንድ ነገር አለ። ለምሳሌ «200 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8» የሚባል ሌንስ ውሰዱ። ይህ ሌንስ የፊት መስታወቱ ስፋት ቢያንስ 71 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ለምን በሉኝ፦ 200 ለ2.8 ሲካፈል 71 ነው። የትኛውም መሐንዲስ፣ የትኛውም ኩባንያ ይህንን ማሳነስ አይችልም። ቦዲውን እንደ ብስኩት ብታቀጥኑት እንኳ ሌንሱ ያው ነው።

የዝናብ ውሃና የሌንስ ብሌን

ክረምት ላይ ደጅ ባልዲ አስቀምጣችሁ የዝናብ ውሃ ተቀብላችሁ ከሆነ ፊዚክሱን ግማሹን ታውቁታላችሁ። በአንድ ደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚገባ የሚወስነው የባልዲው ጥልቀት አይደለም፤ የአፉ ስፋት ነው። ብርሃንም ፎቶን በሚባሉ እሽጎች የሚመጣ ስለሆነ ለሌንስ እንደ ዝናብ ነው። የሌንሱን አፍ፣ ማለትም ከፊት ለፊት ስታዩት ክፍት ሆኖ የሚታየውን ክብ፣ እንደ ዓይናችን «ብሌን» እንበለው። ስሌቱ ይህ ነው፦

የብሌኑ ስፋት = የትኩረት ርቀት ÷ ኤፍ ቁጥር

ሁለቱም ቁጥሮች ሌንሱ ላይ ተጽፈዋል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2 ሌንስ ብሌኑ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የራሳችን ዓይን ብሌን በጨለማ ሲሰፋ በወጣትነት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

የብርሃኑ መጠን ይህን ያህል ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱም ጠብታ እኩል አይወርድም። ሁለት እኩል ብርጭቆ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ በአንድ ሰከንድ የሚገባባቸው ጠብታ ትንሽ ይለያያል። ፎቶንም እንዲሁ። በአማካይ 100 ፎቶን የሚቀበል ነጥብ ወደ 10 ያህል ይዋዥቃል፤ ይህ 10 በመቶ ነው። 10,000 የሚቀበል ነጥብ ግን የሚዋዥቀው በ100 ያህል ነው፤ ይህ 1 በመቶ ብቻ ነው። ማታ ባነሳችሁት ፎቶ ላይ እንደ አሸዋ የሚታየው ብትንትን በአብዛኛው ይኸው መዋዠቅ ነው። የካሜራው ጥፋት ሳይሆን የብርሃን ማነስ ነው። ቀን ፀሐይ ላይ የሚያርፍብን ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ሲሆን፣ ማታ አንድ አምፖል የበራበት ክፍል 100 ሉክስ ገደማ ነው። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። ዓይናችን ስለሚለምደው ግን ልዩነቱ ይህን ያህል መሆኑን አናስተውልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብሌንን ከብሌን የምናወዳድረው ሁለቱ ሌንሶች የሚያሳዩት የዕይታ ስፋት እኩል ሲሆን፣ ቁልፉም እኩል ጊዜ ሲከፈት ነው። ኤፍ ቁጥሩን ብቻ ማወዳደር ግን አያዋጣም። ኤፍ ቁጥር የሚነግራችሁ ሴንሰሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ስንት ብርሃን እንደሚያገኝ ነው፤ ሴንሰሩ ስንት ካሬ ሚሊ ሜትር እንደሆነ አይነግራችሁም። ሻጮች «ኤፍ 2.8 ሁሌም ኤፍ 2.8 ነው» ሲሏችሁ አልዋሹም፤ ግማሹን ነው የነገሯችሁ። ብሌኑ ሁለቱንም ግማሽ በአንድ ቁጥር ይይዛል።

አንደኛው ጥንድ፦ ሶኒ ኤ6000 ከ16-50 ጋር

ኤ6000 በ2014 ወጥቶ እጅግ ብዙ ሰው የገዛው ካሜራ ነው፤ ዛሬም ያገለገለው እየተፈለገ ይሸጣል። ቦዲው ባትሪና ካርድ ጨምሮ 344 ግራም ነው። አብሮት የሚሸጠው ዙም ሌንስ ከ16 እስከ 50 ሚሊ ሜትር፣ ከኤፍ 3.5 እስከ 5.6 ሲሆን 116 ግራም ብቻ ነው። በድምሩ 460 ግራም። በጣም ትንሽ ጥንድ ነው፤ በዚህ በኩል ምስጋና ይገባዋል።

አሁን እናካፍል። ሌንሱ በሰፊው ዕይታ 16 ለ3.5፤ ብሌኑ 4.6 ሚሊ ሜትር ነው። በዕይታ ስፋት ከእሱ ጋር እኩል የሆነው የ2022ቱ የአይፎን 14 ፕሮ ዋና ካሜራ 6.86 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.78 ነው፤ ብሌኑ 3.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የብሌኖቹን ስፋት በካሬ ስናወዳድር የሶኒው ጥንድ ከስልኩ የሚበልጠው 1.4 ጊዜ ብቻ ነው።

እንዴ! ሴንሰሩ ከስልኩ በብዙ እጥፍ ይበልጥ የለም ወይ? አዎ ይበልጣል። ግን አፉ የጠበበ ትልቅ በርሜል ማለት ነው። በዚያ ላይ ስልኩ በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ አንሥቶ አንድ ላይ ያዋህዳል፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ስታነሱ ያቺን 1.4 እጥፍ በቀላሉ ያካክሳታል። ማታ ቤት ውስጥ የቤተሰብ ፎቶ ለማንሣት ብላችሁ ይህን ጥንድ ከገዛችሁ የምታዝኑት ለዚህ ነው። ጥፋቱ የናንተ ችሎታ አይደለም።

ያው ቦዲ ግን ሌንሱ ሲቀየር ሌላ ካሜራ ይሆናል። ሲግማ በ2016 ያወጣው የ30 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.4 ሌንስ ብሌኑ 21 ሚሊ ሜትር ነው። ኪት ሌንሱ እዚያው 30 ሚሊ ሜትር ላይ ኤፍ 3.5 ይከፍታል ብለን ብናዳላለት እንኳ፣ ሲግማው ስድስት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? በሰከንድ 1/20 ይነሣ የነበረው ፎቶ በ1/125 ይነሣል። ሠርግ ላይ እስክስታ ስታነሱ በ1/20 ትከሻው ጭስ ይመስላል፤ በ1/125 ትከሻ መሆኑ መለየት ይጀምራል። ዋጋው ደግሞ ክብደት ነው፦ ሲግማው 265 ግራም ስለሆነ ጥንዱ ወደ 609 ግራም ያድጋል፤ ዙም ማድረግም ይቀራል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ኤ6000 ጥሩ ቦዲ ነው፤ ከኪት ሌንሱ ጋር ግን የቀን ካሜራ ነው። ግምገማዎች ቦዲውን አወድሰው ይህንን አለመናገራቸው አንባቢያቸውን ገንዘብ ያስከፍላል።

ሁለተኛው ጥንድ፦ ትንሹ ሴንሰር ሲበልጥ

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ውጤት እንይ። ሁለት በጣም ቀጫጭን ሌንሶች አሉ። አንዱ የፓናሶኒክ 20 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.7 ነው፤ በ2013 የወጣው ሁለተኛው ዓይነት 87 ግራም ይመዝናል። ሌላው የፉጂፊልም 27 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 ነው፤ በ2021 የታደሰው 84 ግራም ነው። ሁለቱም በየካሜራቸው ላይ የሚያሳዩት የዕይታ ስፋት እኩል ነው ለማለት ይቻላል። የፉጂፊልሙ ሴንሰር ግን በስፋት 1.6 እጥፍ ይበልጣል። «ትልቅ ሴንሰር ምረጡ» የሚለውን የተለመደ ምክር ከተከተላችሁ ፉጂውን ትገዛላችሁ።

አካፍሉ። 20 ለ1.7፤ 11.8 ሚሊ ሜትር። 27 ለ2.8፤ 9.6 ሚሊ ሜትር። ባለ ትንሹ ሴንሰር ጥንድ 1.5 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል! ክብደቱን ደግሞ እዩት። ፓናሶኒክ በ2013 ያወጣው ጂኤም1 ቦዲ ባትሪና ካርድ ጨምሮ 204 ግራም ነው፤ ከሌንሱ ጋር 291 ግራም። የፉጂው ኤክስ-ኢ4 ቦዲ 364 ግራም ሲሆን ከሌንሱ ጋር 448 ግራም ይሆናል።

ፓናሶኒክ አሸነፈ ማለት ነው? በብርሃንና በክብደት አዎ። ሌላው ሁሉ ግን አይደለም። የ20 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ለማተኮር ዘገምተኛ ነው፤ የሚሮጥ ሕፃን ስታነሱ ያናድዳል። ጂኤም1 ዓይን ማስጠጊያ መመልከቻ የለውም፤ ፀሐይ ላይ ስክሪኑን ማየት ፈተና ነው። ሴንሰሩም ከኤክስ-ኢ4 በብዙ ዓመት የቀደመ ስለሆነ ከዚያች 1.5 እጥፍ የተወሰነውን ያጣል። ፉጂው በበኩሉ የራሱ ቀልድ አለው፦ ሌንሱ ከውሃና ከአቧራ የሚከላከል ተደርጎ ተሠርቷል፤ አብሮት የተሸጠው ኤክስ-ኢ4 ቦዲ ግን አልተደረገም። ዣንጥላ ይዞ ባዶ እግር እንደመውጣት ነው።

ከዚህ ጥንድ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሴንሰር ብቻውን ማዕረግ አይደለም። ትልቅ ሴንሰር የሚጠቅማችሁ ፊቱ ላይ የሚመጥነው ብሌን ሲኖር ነው።

ሦስተኛው ጥንድ፦ ሙሉ ፍሬም በትንሽ ቦዲ

ሶኒ በ2020 ያወጣው ኤ7ሲ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ይዞ 509 ግራም ብቻ የሚመዝን ቦዲ ነው። ይህ ትልቅ የምህንድስና ሥራ ነው፤ ሲሸጥም «ሙሉ ፍሬም በትንሽ አካል» ተብሎ ነው። አብሮት የወጣው ሌንስ ከ28 እስከ 60 ሚሊ ሜትር፣ ከኤፍ 4 እስከ 5.6 ነው፤ 167 ግራም። በሰፊው ዕይታ 28 ለ4 ሲካፈል 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል ብሌን ከማይክሮ ፎር ተርድስ ካሜራ ለማግኘት ባለ 14 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2 ሌንስ ይበቃል። ማለትም ሙሉ ፍሬም ብለው የሸጡላችሁን ብልጫ በጨለማ ጊዜ ኤፍ 4 መልሶ ይወስደዋል።

መፍትሔው እዚያው ኩባንያ ውስጥ አለ። በ2021 የወጣው የ40 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.5 ሌንስ 173 ግራም ነው፤ ከኪቱ የሚበልጠው በ6 ግራም ብቻ ነው። ብሌኑ ግን 16 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ ካየነው የፉጂ ሌንስ 2.8 እጥፍ፣ ከፓናሶኒኩ 1.9 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ጥንዱ በድምሩ 682 ግራም ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ሴንሰር ሥራውን ሠራ፤ ምክንያቱም የሚመጥነው አፍ አገኘ።

ግን «አንድ ሌንስ ለሁሉም» ብላችሁ በ2016 የወጣውን የሶኒ 24-70፣ ኤፍ 2.8 ብትገጥሙበትስ? ሌንሱ ብቻውን 886 ግራም ነው። ቁመቱ 136 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኤ7ሲ ወርድ 124 ሚሊ ሜትር ነው። ሌንሱ ከካሜራው ይረዝማል! ድምሩ 1.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ፎቶው ያምራል፤ ግን ለትንሽነቱ ብላችሁ ቦዲው ላይ የከፈላችሁት ገንዘብ ምን ሠራ? እንዲያውም እጀታው ትንሽ ስለሆነ ከባድ ሌንስ ይዞ መዋል ያደክማል። ያን ሌንስ ከፈለጋችሁ ትልቁ ቦዲ ይሻላል።

ይህ መለኪያ የማይነግራችሁ

ብሌን ሁሉንም ነገር አይመልስም። ቀን፣ ብርሃን ሲትረፈረፍ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ጥያቄው «ስንት ብርሃን ይገባል» መሆኑ ቀርቶ «ሴንሰሩ ሞልቶ ሳይፈስ ስንት ይይዛል» ይሆናል። ትልቅ በርሜል የሚጠቅመው እዚህ ነው። የሰሜን ተራሮችን በቀን ብርሃን ከጥላው እስከ ደመናው ለማንሣት ያው የተቸነው ኤ6000 ከነኪቱ ስልኩን ጥሩ አድርጎ ይበልጠዋል።

ሁለተኛ፣ በቦዲው ውስጥ ያለ መንቀጥቀጥ መቆጣጠሪያ አለ። ኤ7ሲ አለው፤ ኤ6000፣ ኤክስ-ኢ4 እና ጂኤም1 የላቸውም። ይህ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ያስወግዳል፤ ጨለማ ያለበትን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ያለ እግር ለማንሣት እጅግ ይረዳል። የሚጨፍርን ሰው ግን አያቆምም። ለእሱ ያለው መድኃኒት ብሌን ብቻ ነው።

ሜጋፒክስልን በአጭሩ እንለፈው። ከ12 ወደ 24 ስትሄዱ እጥፍ ይመስላል፤ በጎን ሲለካ ግን ዝርዝሩ የሚጨምረው 1.4 ጊዜ ነው፤ ያውም ሌንሱ ያንን ዝርዝር ማሳየት ከቻለ።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ?

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ምን እንደምታነሱ ወስኑ፤ ማታ ቤት ውስጥ ሰው ነው ወይስ ቀን መንገድ ላይ? ከዚያ ለዚያ ሥራ የሚሆን ሌንስ ፈልጉና አካፍሉ። ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው የምታነሱ ከሆነ ብሌኑ ከ12 ሚሊ ሜትር ባይወርድ እመክራለሁ፤ የቀን ካሜራ ከሆነ ከ5 እስከ 9 ያለውም ይበቃችኋል። ቀጥሎ የሌንሱንና የቦዲውን ክብደት ደምሩ፤ ሳትማረሩ በየቀኑ የምትይዙት ነው? ቦዲውን የምትመርጡት ከዚህ በኋላ፣ በተረፈው ገንዘብ ነው። ያገለገለ ቦዲ ከአዲስ ጥሩ ሌንስ ጋር፣ አዲስ ቦዲ ከኪት ሌንስ ጋር ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ቦዲ በጥቂት ዓመት ያረጃል፤ ደህና ሌንስ ግን ያው መግጠሚያ እስካለ ድረስ ከቦዲ ወደ ቦዲ ይሸጋገራል።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ ደግሞ በስልክ መብራት ከኋላው አብርታችሁ ውስጡን እዩ። እርጥበት ያለበት ቦታ የተቀመጠ ሌንስ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ካያችሁ ተዉት።

እና ሻጩ «ይሄ እኮ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ኪስ ይገባል» ሲላችሁ አትከራከሩ። ሌንሱን አዙራችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አንብቡ፣ አካፍሉ፣ ከዚያ ስልካችሁ ካለው ጋር አወዳድሩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ገንዘባችሁን ለሌንስ አቆዩት።